ከኩንታል ሁለት ኪሎ ሲጎድለኝ

በሬ ማድለብ የማስተምር ሰው ነበርኩ። መካነ ሰላም፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የእንስሳት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ሲያርስ ከርሞ የከሳ በሬ በሦስት ወር ውስጥ እንዴት እንደሚወፍር፣ ስንት ገለባ፣ ስንት ፉርሽካ፣ ስንት የኑግ ፋጉሎ እንደሚቀርብለት በየቀበሌው እየዞርኩ እናገር ነበር። የበሬውን ደረት በሜትር ለክቼ ክብደቱን እገምታለሁ። አንድ እጄን ጎኑ ላይ አሳርፌ ስንት ወር እንደታሰረ ብናገር ብዙም አልሳሳትም። የራሴን መወፈር ግን አላየሁትም።

ሥራ ስጀምር እንዲህ አልነበርኩም። የተመደብኩት ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቅ ቀበሌ ሲሆን መንደር ለመንደር የምሄደው በእግሬ ነበር። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ ስላስቸገረኝ በሲባጎ ነበር የማስረው። ከዚያ ወደ ወረዳ ተዛወርኩ። ወንበር አገኘሁ። ሥልጠና፣ ግምገማ፣ ስብሰባ መጣ። ጠዋት በስኳር የከበደ ሻይ ከዳቦ ጋር፣ ምሳ ሆቴል፣ ቅዳሜ ከባልደረቦቼ ጋር ጥሬ ሥጋ፣ ከላዩ ቢራ። እንዲህ እያለ ስድስት ሰባት ዓመት አለፈ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ተመችቶሃል! ወንበሩ ተስማምቶሃል!» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በእኛ አገር የከሳ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ የወፈረን ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ ለክትትል ወደዚያው ወደ ቀድሞው ቀበሌዬ ወረድኩ። ሞተር ብስክሌቱን መንገዱ እስከሚያበቃበት ነዳሁና አቆምኩት። እዚያ ድሮ የማውቃቸው ሽማግሌ ገበሬ በቅሎ ጭነው ይጠብቁኛል። ማድለብ ከእኔ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ናቸው፤ «አባባ» ነው የምላቸው። ከተሳሳምን በኋላ በቅሎዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የበቅሎዋን አንገት ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ቅር እንዳይልህ» አሉኝ፤ «ቁልቁለቱን በእግርህ ብትወርድ ይሻላል። ሜዳው ላይ ስንደርስ ትቀመጣለህ።»

«በቅሎዋን አሟታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

እኔም ነገሩ ስለገባኝ አልጠየቅሁም። ቁልቁለቱን ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንመለስ ዳገቱን ለመውጣት ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ እሰማዋለሁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ሰው ከፊቴ ቆመው በትራቸውን ተደግፈው ይጠብቁኛል፤ ትንፋሻቸው እንኳ አልፈጠነም።

«ይሄን ዳገት እኮ ያኔ እያፏጨህ ነበር የምትወጣው» አሉ። ቦርጬን አዩና «ማን አደለበህ?» አሉኝ።

ቃሉን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ሄድኩና ማዳበሪያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። መጋዘን ጠባቂው የማውቀው ሰው ነው። የሚዛኑን ድንጋይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ገፋ አድርጎ «ዘጠና ስምንት» አለ። «ሁለት ኪሎ ብትጨምር ኩንታል ሞልተህ አፍህን እሰፋልህ ነበር።» ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ደግሞ ነርሷ የደም ግፊቴን ለክታ ከፍ ማለት መጀመሩን ነገረችኝ፤ «ትንሽ ብላ፣ ተንቀሳቀስ» ብላ ሸኘችኝ።

እንዴት ግን? ይህ ጥያቄ ከሐፍረቱ ይበልጥ ያዘኝ። ኮሌጅ የተማርኩት፣ በየሥልጠናው የተሰጠኝ ወረቀት ሁሉ ክብደት ስለ መጨመር ነው። የሰባ በሬ እንዴት እንደሚከሳ የሚናገር አንድ ገጽ አላየሁም። ማን ይፈልገዋል? ስለዚህ ይህን ነገር ከመጀመሪያው ልማረው ነው አልኩ።

ከአጥራችን ማዶ ከጅዳ የተመለሰ ጎረቤት አለን። በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለ ሰው ነው። ጅዳ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራው አንድ የስፖርት ቤት ወለል በማጽዳት ነበር፤ ደንበኞቹ ሲወጡ እሱ ብረቱን እያነሳ ለመደ። አገሩ ሲመለስ የሚያነሳው ብረት ስላልነበረ ራሱ ሠራው፦ ሁለት የቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ የውኃ ቧንቧ በመካከላቸው ሰክቶ አደረቀ። ከባድም ቀላልም ነበረው። ጠዋት ጠዋት ከባሕር ዛፎቹ ሥር ብረቱ መሬት ሲነካ ድው የሚለውን ዓመት ሙሉ ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብዬ አላየሁም። በዚያ ሰሞን ግን ገና ሲነጋ አጥሩን ዞሬ ገባሁ።

«ይሄ በስንት ጊዜ ይጠፋል?» አልኩት ቦርጬን መታ መታ እያደረግሁ።

«በስንት ጊዜ ነው የመጣው?»

«ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል።»

«እንግዲያው ምን አስቸኮለህ?» አለና ሳቀ። «ሽወይ ሽወይ። እነሱ ቀስ በቀስ ሲሉ እንደዚያ ነው የሚሉት። ወለል የሚያጸዳ ሰው ሁሉንም ያያል። በወር ከስቼ እወጣለሁ ብሎ የሚመጣ ነበር፤ ወላሂ፣ በወሩ አላየውም። አንድ ወፍራም ሽማግሌ ደግሞ በየቀኑ ይመጣል፤ ቀላሏን ብረት አንስቶ፣ ላቡን ጠርጎ ይሄዳል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ከሳ አልከሳ የሚለው ሰው እንኳ አልነበረም። አንድ ቀን ስንተያይ ሌላ ሰው ሆኗል። መቼ እንደሆነ አላውቅም። በየቀኑ እያየሁት!»

ከባዱን ላነሳ ስጠጋ ከለከለኝ። የሰጠኝ ባዶ ቧንቧ ነው። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁጢጥ ብድግ እንድል አዘዘኝ። በባዶ ቧንቧ ስምንተኛው ላይ መነሳት አቃተኝና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «አብሽር» አለኝ። «ነገ ስምንት ትላለህ።»

የምግቡ ነገር ቤት ውስጥ ትንሽ አስቸገረ። ከሦስት እንጀራ ወደ አንድ ተኩል ስወርድ ባለቤቴ «ወጡ አልጣፈጠህም?» አለችኝ። ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን ጠየቀችኝ። ስኳሩን ተውኩ፣ ቢራውን ተውኩ፤ ምስሩንና ባቄላውን ጨመርኩ፤ የጾም ቀን ካልሆነ እንቁላል። የገረመኝ የጾሙ ጉዳይ ነው። ሁልጊዜ ሁዳዴን ስጾም የምከሳ ይመስለኝ ነበር። ልብ ብዬ ሳስተውል ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ፣ ከዚያ በኋላ የምበላው ሽሮና እንጀራ፣ በዘይት የራሰ ዳቦ ሲደማመር፣ ከማልጾምበት ቀን ይበልጥ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩትን ጾም ያን ዓመት ገና አየሁት።

በመጀመሪያው ወር ሚዛኑ ዘጠና አምስት አለ። በደስታ በየመንገዱ ለሰው መንገር ቃጣኝ። በሁለተኛው ወር ዘጠና አራት ተኩል። በሦስተኛው ያው ዘጠና አራት ተኩል። በአራተኛው ተመልሶ ዘጠና አምስት!

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አልኩት መጋዘን ጠባቂውን።

«ማዳበሪያውን በትክክል ነው የሚመዝነው» አለኝ።

ያን ቅዳሜ ከባልደረቦቼ ጋር ሄጄ ጥሬ ሥጋውን እስክጠግብ በላሁ፣ ቢራዬንም ጠጣሁ። በማግስቱ ጠዋት መሄድ አፈርኩ፤ ግን ብረቱ ድው ሲል ስሰማ አላስችል አለኝና አጥሩን ዞርኩ። ፊቴን አይቶ ገብቶታል። ከወትሮው ከበድ ያለውን ብረት አቀረበልኝና «የትናንቱን ዛሬ አንሣው» አለኝ። አነሳሁት። እንደማነሳው አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ይበልጥ የገረመኝ። ብረቱን ማንሳት ስጀምር ወገቤን ለክቼ ነበር፤ የለካሁትም በዚያው የበሬ ደረት በምለካበት ሜትር ነው። ያኔ መቶ አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነበር። አሁን መቶ ዘጠኝ። ሚዛኑ እኮ ከሦስት ኪሎ በላይ አልተነቃነቀም! ክብደቱ ካልሄደ ወገቤ ወዴት ሄደ? ጎረቤቴ «ትከሻህና ጭንህ ወስዶታል» አለኝ። አላመንኩትም። ሜትሩን ሰጠሁትና ደረቴን ለካልኝ፤ ጨምሯል።

«ስቡ ግን ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት። «በላብ ነው? በሽንት?»

«ጅዳ ደንበኞቹን ስፖርት የሚያሠራውን ሰውዬ ጠይቄው ነበር። በትንፋሽ ነው አለኝ።»

«በትንፋሽ?»

«ወላሂ እኔም አላመንኩትም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከብዙ ዓመት በኋላ መጽሐፍ ላይ ሳነበው ግን ሰውዬው እውነቱን ነበር፤ አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው። ያኔ ግን ይህ ጥያቄ እየተከተለኝ ወደ ቆላው ቀበሌ ስወርድ ለሽማግሌው አነሳሁላቸው። ከበረታቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠናል።

«አባባ፣ የሰባ በሬ መልሰው ቢያርሱበት ምን ይሆናል?»

«አንድ ጊዜ ገበያ ወስጄው ሳይሸጥልኝ ቀርቶ መልሼ አረስኩበት። ከውጭ ስታየው ያው ነው። ጎኑ ሙሉ፤ ታፋው እንዲያውም ይጠነክራል። ጎረቤቱ ሁሉ "አልከሳም እኮ" ይላል። ሁለት ወር አርሶ ለዒድ አረድነው። ስንከፍተው ሞራው ሳስቷል። ታስሮ የከረመው በሬ ሞራው እንደ ጋቢ ነው፤ የዚህ ግን ወዲያ ማዶ ያሳይ ነበር።» በእጃቸው ጨርቅ እንደሚዘረጋ ሰው አሳዩኝ። «መጀመሪያ የሚሄደው የውስጡ ነው፣ ልጄ። ያንተም ሄዶ ይሆናል። ካላረድንህ በቀር በምን እናውቃለን?»

በሳቅ ሆዴን ያዝኩ። ዳገቱን ስወጣ ግን ሞራዬን እያሰብኩ ነበር። ማንም የማያየው፣ ሚዛኑም የማይናገረው ነገር ውስጤ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚዛኑ ላይ የምወጣው በወር አንዴ ብቻ ሆነ። ስወጣም እንደ ፈተና ውጤት አልጠብቀውም፤ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው ብሎ ሰማይ እንደሚያይ ሰው ሆንኩ። አንዱ ወር ግማሽ ኪሎ፣ አንዱ ምንም፣ አንዱ ኪሎ ተኩል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም። ባውቅ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በስምንተኛው ወር ሰማንያ ዘጠኝ ደረስኩ። ቦርጬ ገና አለ፤ ፊቴ ግን ቀድሞ ከሳ። ጉንጬ ገባ፣ አንገቴ ረዘመ። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ለከሳ ሰው በከተማው ውስጥ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙን ግን ማንም አይጠራውም፣ «በሽታው» ነው የሚባለው። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ባልደረቦቼ በእኔ መቀለድ መተዋቸውን ነው። ከዚያ አንደኛው ከስብሰባ ስንወጣ እጄን ያዘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ፤ አሁን እኮ መድኃኒቱ አለ» አለኝ።

«ደህና ነኝ! ብረት እያነሳሁ ነው።»

«እሱማ ጥሩ ነው» አለኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀም።

ወሬው ወግዲ ደርሶ ኖሮ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ከጭነት መኪና ጋቢና ወርዳ ቤቴ ገባች። አንድ ቅል ቅቤ፣ በሶ፣ ማር፣ ደግሞም በጀሪካን ጸበል ይዛለች። ነጠላዋን ሳትፈታ አጠገቤ ተቀመጠችና የአንገቴን አጥንት በጣቷ ዳሰሰች።

«እማ፣ ምንም አልሆንኩም።»

«ዝም በል። ነገ ጸበል እንሄዳለን።»

በማግስቱ ስትነሳ አልጋዬ ላይ አጣችኝ። ፈልጋ ፈልጋ ከአጥሩ ማዶ አገኘችኝ። ከመምጣቷ በፊት ከባዱን ብረት ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁጢጥ ብዬ ነበር፤ ቀና ስል እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«እንደምን አደሩ እማማ» አላት ጎረቤቴ።

«እግዜር ይመስገን» አለች ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። «የታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያነሳል?»

«የታመመማ ቢሆን እኔም አላስነሳውም። አብሽሩ እማማ።»

«እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «እስቲ አሁንም።» አምስት ጊዜ አስነሳችኝ። ከዚያ ግንድ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ጸበል ስለ መሄድ ዳግመኛ አልተነሳም።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ምሳ ላይ፣ እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ባለቤቴ «ሄደን እንመርመር» አለችኝ።

«ምን ለማግኘት? ጠዋት እማ ያየችውን አልሰማሽም?»

ቀና ብላ አላየችኝም። የሰፌዱን ጠርዝ በጣቷ እየነካካች ነው። «ስምንት ወር ሙሉ» አለች፣ «ቀበቶህን አንድ ቀዳዳ ባጠበቅህ ቁጥር "እይ! እይ!" እያልክ ታሳየኛለህ። አንተ ደስ ይልሃል። እኔ እያንዳንዷን ቀዳዳ ስቆጥር ነው የከረምኩት። ሥልጠና እያልክ ደሴ ሳምንት ትቀመጣለህ። ብረት አነሳሁ ይላል እንጂ ማን ያውቃል እላለሁ። ከዚያ ልጠይቅህ እልና እፈራለሁ።»

ስለ ሞራዬ፣ ስለ ወገቤ፣ ስቡ ወዴት እንደሚሄድ ሽማግሌ ሳይቀር ጠይቄያለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሰው ፊት ላይ ያለውን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። «ነገ እንሂድ» አልኳት።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሚያሳፍረኝ ነገር ባይኖርም ፈራሁ፤ ሰው ስምንት ወር የፈራው ነገር አጠገቡ ላለውም ይጋባል መሰለኝ። ተራችን ደርሶ ደም ሰጥተን ጠበቅን። ስንጠራ አማካሪዋ በሩን ዘግታ አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እሷን አየችና ሁለታችንም ነፃ መሆናችንን ነገረችን። ውጭ ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን ባለቤቴ «ራበኝ» አለች። መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገብተን ጥብስ አዘዝን። እሷ በላች፣ እኔም የድርሻዬን በላሁ፣ ያን ቀን አልቆጠርኩም። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ እንጀራ ስታቀርብልኝ «ቅነሳው ላይ ነህ ወይስ አበቃ?» ብላ መጠየቅ ጀመረች፤ የምትጠይቀውም እየሳቀች ነበር። እናቴ ቅቤውን ለእሷ ጸጉር ሰጥታ፣ ማሩንና በሶውን ትታልን ወደ ወግዲ ተመለሰች።

ባልደረባዬን ግን ውጤቱን ነግሬውም ያመነኝ አይመስለኝም። ያመነኝ ጊዜው ሲያልፍና ሳልሞት ስቀር ነው።

ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላኝ ሰማንያ አራት ገባሁ። ያ ሲባጎ የታጠቀው ቀጭን ሰው አልተመለሰም፤ ቦርጬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ስቀመጥ አሁንም ብቅ ይላል። ዳገት ስወጣ ግን የልቤን ድምፅ አልሰማም። ነርሷም ግፊቴን ለክታ ራሷን ነቀነቀች፤ በበጎ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ከላላ ወረዳ ተዛወርኩ። ቤተሰቤ እስኪመጣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ደግ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ማዕድ ሲያቀርቡ በላይ በላዩ እንጀራ ደረደሩልኝና አጥብቀው አዩኝ።

«ብላ ልጄ፤ ከስተሃል» አሉኝ።

ከላላ ውስጥ ወፍራም እንደነበርኩ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ወደ ኩንታል ተጠግቼ እንደነበር፣ ሆን ብዬ እንደቀነስኩት ነገርኳቸው። ሆን ብሎ መክሳት የሚባለውን ነገር ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባቸው። የተረዱ ሲመስለኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በስንት ጊዜ?»

«በዓመት ከመንፈቅ።»

«ዓመት ከመንፈቅ!» አሉና በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መቱ። «በዓመት ከመንፈቅ እኮ ልጅ ተጸንሶ፣ ተወልዶ፣ ዳዴ ይላል!»